ጥያቄና መልስ፦ የተጋደመች ካታማራን ለብቻ ማቅናት

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነስቶ ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ግን ልጆቿ ከባሕሩ ተለይተው አያውቁም። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ጅቡቲ የሚሠሩ ወይም የሚመላለሱ አንባቢዎቻችን በዕረፍት ቀናቸው ስለሚነዷት ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ፣ ስለ ካታማራን።

ለማያውቃት አንባቢ በአጭሩ፦ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ጎን ለጎን ሆነው በሁለት የአሉሚኒየም አግዳሚዎች ይያያዛሉ። በመሐላቸው ሰው የሚቀመጥበት ትራምፖሊን ይወጠራል፤ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አንድ ረጅም ምሰሶ ይቆማል። ሞተር የላትም። በጎኗ ወድቃ ምሰሶዋ ውሃው ላይ ሲተኛ «ተጋደመች»፣ ምሰሶዋ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወለል ሲዞር ደግሞ «ተደፋች» እንላለን። ሁለቱ ለየቅል ስለሆኑ ቃላቱን አትቀላቅሉብን።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ወደብ እሠራለሁ። አሮጌ ሆቢ 16 የምትባል ካታማራን አለችኝ። ክብደቴ 65 ኪሎ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ሁለት ጊዜ ተጋድማ በቀላሉ አቅንተናታል። ለብቻዬ ስሞክር ግን ምሰሶው ከውሃው ክንድ ያህል ይነሳና ተመልሶ ይወድቃል። ጉልበት አንሶኝ ነው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በድሬ ወግ አንተ እያልን እንመልስልህ። ያነሰህ ጉልበት አይደለም፣ ክብደት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ካልለየኸው ዓመቱን ሙሉ ብረት ስታነሳ ከርመህም ምሰሶው እዚያው ክንድ ላይ ይቆማል።

የቀፊራ ገበያን ሚዛን አስብ። ጀልባዋ ስትጋደም የታችኛው ቀፎ የሚዛኑ መሐል ይሆናል። በአንድ ወገን ምሰሶው፣ ሽቦዎቹና የረጠበው ሸራ አሉ፤ ሲደመሩ በግምት 25 ኪሎ ናቸው። ኪሎው ትንሽ ቢመስልም ርቀቱ ትልቅ ነው። የምሰሶው ርዝመት 8 ሜትር ያህል ስለሆነ የክብደቱ መሐል ከቀፎው 4 ሜትር ገደማ ይርቃል። 25 በ4 ሲባዛ 100 ነው። በሌላው ወገን አንተ ቀፎው ላይ ቆመህ ወደ ኋላ ትለጠጣለህ፤ የሰውነትህ ክብደት መሐል ከቀፎው 1 ሜትር ያህል ይርቃል። 65 በ1 ሲባዛ 65። ጎደሎህ 35 ነው። ጓደኛህ ሲጨመር 130 ገደማ ስለሚሆን ነው ያን ቀን በቀላሉ የተነሳችላችሁ።

ጀልባዋ በጠቅላላው 145 ኪሎ ትመዝናለች፤ የቀረው አካሏስ የት ሄደ? ልክ በጎኗ ስትቆም ክብደቱ ከታችኛው ቀፎ በላይ ቀጥ ብሎ ስለሚያርፍ ለማንም አያደላም። ምሰሶው ጥቂት ሲነሳ ግን የላይኛው ቀፎ ወዳንተ ማዘንበል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ራሷ ታግዝሃለች። ትግሉ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ነው ማለት ነው። ክንድ ያህል ተነስቶ የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው ላይ ተኝቶ ሳለ ባሕሩ ይሸከምልሃል፤ ከውሃው ሲላቀቅ ሙሉ ክብደቱን ካንተ ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ ሸራው ላይ የታቆረው ውሃ ይጨመራል።

እንግዲህ ጎደሎውን 35 ከሁለት ቦታ ታገኛለህ፤ ከነፋሱና ከውሃ ከረጢት። ሁለቱም በቅደም ተከተል ካልተሠራባቸው ዋጋ የላቸውም፤ ስለዚህ ከወደቅህባት ቅጽበት እንጀምር።

በመጀመሪያ ጀልባዋን ያዝ። በእጅህ ያገኘኸውን ገመድ አትልቀቅ፤ በነፋስ የምትገፋ ጀልባ ከጎበዝ ዋናተኛ ትፈጥናለች። እግርህ ገመድ ውስጥ አለመጠላለፉን አይተህ ወደ ታችኛው ቀፎ ውጣ። ምሰሶው ላይ ወይም ሸራው ላይ አትቁም፣ አትደገፍም። የላይኛው ቀፎ ላይ መንጠልጠልም እንደዚያው ክልክል ነው፤ የተጋደመችውን የሚደፋት ይኸው ነው።

ቀጥለህ የሸራ ገመዶችን ሁሉ ከመቆንጠጫቸው አላቅቅ፤ የትልቁን ሸራ፣ የትንሹን ሸራ፣ ትልቁ ሸራ ግራ ቀኝ የሚንሸራተትበትንም ገመድ። ብቻቸውን ከሚያቀኑ ሰዎች መካከል ይህን የሚረሳው ብዙ ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋም ከሁሉ ይከፋል። ሸራው ተወጥሮ ከቀረ ጀልባዋ በተነሳችበት ቅጽበት ነፋስ ትይዛለች። ከዚያ ወይ በሌላ ጎኗ ትወድቃለች፣ ወይ አንተን ውሃ ውስጥ ትታ ትሄዳለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

አሁን ነፋሱ። ጀልባዋ በነፋስ ስትወድቅ ምሰሶዋ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይተኛል፤ ትራምፖሊኑም እንደ ግድግዳ ቆሞ ነፋሱን ይቀበላል። በዚህ አቀማመጥ ስትስብ ሸራው ከውሃ በወጣ ቁጥር ነፋሱ ከላይ መልሶ ይጫነዋል፤ በዚህ ሁኔታ ከጎደሎህ ላይ ሌላ ጎደሎ ትጨምራለህ። ስለዚህ ገመድ ከመሳብህ በፊት በታችኛው ቀፎ ላይ እየተራመድክ ወደ ፊተኛው ጫፍ ሂድ። ክብደትህ አፍንጫውን ያሰምጠዋል፤ የሰመጠው አፍንጫ ውሃውን እንደ መልህቅ ይይዛል፤ ከፍ ብሎ የቀረው የኋላ ክፍል ደግሞ በነፋስ ተገፍቶ ይዞራል። አትቸኩል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ሲዞር፣ የምሰሶው ጫፍም ትንሽ ወደ ነፋሱ ሲያዘነብል፣ ነፋሱ ከሸራው ስር መግባት ይችላል። የምሰሶው ጫፍ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ እስኪያመለክት ግን አትጠብቅ። ያኔ በኃይል ትነሳና በላይህ አልፋ በሌላው ጎን ትጋደማለች።

ከዚያ ማቅኛ ገመዱን አውጣ። ገመዱ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 5 ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ይደረግበት። ከዚያ የቀጠነ ገመድ እርጥብ መዳፍ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ያቆስላልም። አንዱ ጫፉ በምሰሶው ግርጌ፣ በፊተኛው አግዳሚ ላይ በቋሚነት ይታሰር። ሌላውን ጫፍ በላይኛው ቀፎ ላይ ወርውረህ ወደ ታችኛው ጎን ታወርደዋለህ። ከምሰሶው ግርጌ ትይዩ ቁም፣ እግርህን በትከሻህ ስፋት ክፈት። ወገብ ላይ የሚታሰር ባለ መንጠቆ የጀልባ ቀበቶ ካለህ መንጠቆውን ቋጠሮው ላይ አሲዝ። ጉልበትህን ሳታጥፍ ወደ ኋላ ተለጠጥ፤ ጀርባህ ውሃውን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ። ቁጢጥ ብሎ በክንድ የሚስብ ሰው ክብደቱን ወደ ቀፎው ያስጠጋል፣ 1 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ይሆንበታል። ያን ጊዜ 65 ኪሎህ የ32 ኪሎ ሥራ ብቻ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ሸራውን ተመልከት። ጠርዙ ከውሃው ሲላቀቅ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ የታቆረው ውሃ ከገበቴ እንደሚቀዳ ወተት በአንድ ወገን መውረድ ይጀምራል። በዚያች ሰዓት ገመዱን ብትነቀንቅ ጠርዙ ተመልሶ ይነከርና ውሃውን ደግሞ ይቀዳል። ዝም ብለህ ተለጥጠህ ቆይ። ውሃው ሲያልቅ፣ ጠንከር ያለ ነፋስ ሲመጣም፣ ምሰሶው በዝግታ ይነሳል፤ ከዚያ በድንገት ይፈጥናል።

ሲፈጥን የላይኛው ቀፎ ወደ ራስህ እየመጣ ነው። ገመዱን ለቀህ ከሁለቱ ቀፎዎች መሐል፣ በትራምፖሊኑ ስር ውረድ። ከምሰሶው ግርጌ በታች፣ ከፊተኛው አግዳሚ ስር ያለውን ቀጭን ዘንግ በሁለት እጅህ ያዝ። ይህ መያዝ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጀልባዋ አልፋ በሌላ ጎን እንዳትወድቅ ክብደትህ ይገታታል፣ ሸራዋ ነፋስ ይዞ ብትሄድም ትታህ አትሄድም። ተረጋግታ ሸራው በነፋሱ ሲርገበገብ ስታይ በፊተኛው አግዳሚ በኩል ውጣ። በኋላ በኩል መውጣት ይቀላል፤ ነገር ግን መሪዎቹ ወገብ ይመታሉ።

ለአንተ ክብደት ይህ ሁሉ ተሠርቶም ነፋሱ ደካማ ከሆነ 35ቱ ላይሞላ ይችላል። የውሃ ከረጢቱ የሚያስፈልግህ ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩን ከሚቀጥለው መልስ ታገኘዋለህ። በፑሊ ብስብስ ብለህ እንዳትደክም፦ ፑሊ ጉልበትን ያበዛል እንጂ ክብደትን አያበዛም፤ ቀፎው ላይ የቆመው ሰው ያው 65 ኪሎ ነው። በጎን ሽቦው ላይ የሚገጠም ማርዘሚያ የሚጠቀሙም አሉ። የላይኛው ሽቦ ሲረዝም ምሰሶው ውሃው ላይ እንደተኛ የጀልባዋ አካል ቀድሞ ወዳንተ ያዘነብልና ክብደቱን ያበድርሃል። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ከተነሳች በኋላ ሽቦውን መልሶ ማሳጠር አለ፤ እሱን በማዕበል ላይ ለብቻ መሥራት ከማቅናቱ ባልተናነሰ ያስቸግራል። ለአንተ ከረጢቱን እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ አሸዋ ሰፈር የልብስና የሸራ ስፌት ቤት አለኝ። ጅቡቲ የሚሠራ ደንበኛዬ 50 ሊትር ውሃ የሚይዝ፣ በሰው ላይ የሚንጠለጠል ከረጢት እንድሰፋለት አዘዘኝ። ለጀልባ ነው አለ እንጂ ምን እንደሚያደርግበት አልገባኝም። ስፌቱ እንዳይከዳኝ ምን ላድርግ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ ደንበኛሽ ባዶ ከረጢት ይዞ ይወጣል፤ ጀልባዋ ስትጋደምበት ውሃ ሞልቶ ከወገቡ መንጠቆ ላይ ያንጠለጥለዋል። 50 ሊትር ማለት 50 ኪሎ ነው። ከላይ በሠራነው ሂሳብ 65 የነበረው 115 ይሆናል፤ 100ውን ያልፋል። ሥራሽ የአንድን ሰው ቦታ ይተካል ማለት ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ መጠየቅሽ ልክ ነው።

ልኩን እንስጥሽ። የአፉና የታችኛው ክፍል ስፋት 36 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ከረጢት 50 ሊትር ከጥቂት ይይዛል። ለዙሪያው 118 በ60 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ያስፈልግሻል፤ ከ118ቱ 5 ሴንቲ ሜትሩ ለመደራረቢያ፣ ከ60ው 10 ሴንቲ ሜትሩ ለአፉ እጥፋትና ለታችኛው ስፌት ነው። ለታቹ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጪ። ጨርቁ ፕላስቲክ የተቀባው የከባድ መኪና መሸፈኛ ሸራ ይሁን። አሮጌ ከሆነ እጠፊውና እጥፋቱን ተመልከቺ፤ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ከተሰነጠቀ ፀሐይ በልቶታልና ተይው።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ ክር በጨው ውሃና በፀሐይ ይበሰብሳል። የስፌቱን ርምጃ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አድርጊው። ልብስ ላይ ስፌት ሲደጋገምና ሲጠጋጋ ይጠነክራል፤ እዚህ ግን የተጠጋጉት የመርፌ ቀዳዳዎች ሸራውን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሱትና በክብደት ጊዜ በመስመሩ ይቀደዳል። ሁለት ትይዩ መስመር፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ይበቃል። ውሃ ቢያንጠባጥብ አትጨነቂ፤ ከረጢቱ ሞልቶ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ብዙ ሰፊ የሚሳሳተው ማንገቻው ላይ ነው። ማንገቻውን አፉ ላይ ብቻ ከሰፋሽው 50 ኪሎው ሁሉ በዚያች ስፌት ላይ ይንጠለጠላል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማንገቻ ሁለት ቁረጪ፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ30። ከታች በመስቀል አሳልፊያቸው፣ በአራቱ ጎን ወደ ላይ አውጪና አራቱንም ጫፍ ከአንድ የማይዝግ ቀለበት ላይ አያይዢ። ማንገቻው ከረጢቱን ከስሩ ያቅፈዋል፤ ስፌቱ ማንገቻው እንዳይንሸራተት ይይዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም። አፉ አጠገብ በአራቱ ቦታ ካሬ ሰፍተሽ በመሐሉ ኤክስ አድርጊበት።

ሁለት ነገር ጨምሪለት። በአፉ እጥፋት ውስጥ 113 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ አስገቢ፤ አፉ ውሃ ውስጥ ተከፍቶ ይቆያል፣ ሰውየው በአንድ እጁ ይሞላዋል። ቀለሙም ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰማያዊ ሸራ ባሕር ላይ ከሩቅ አይታይም። ስትጨርሺ 50 ኪሎ አሸዋ ሞልተሽ ከወራጅ ላይ ለ10 ደቂቃ ስቀዪው፤ ሁለት ሦስቴም ነቅንቂው። የሚላቀቅ ነገር ካለ እዚያው ይታያል።

ለደንበኛሽ ይህን ንገሪው። የውሃ ከረጢት ውሃ ውስጥ እያለ ምንም አይመዝንም፤ የሚሠራው ከውሃው በላይ ሲንጠለጠል ብቻ ነው። 50 ኪሎ ከውሃ በክንድ ማውጣት ስለማይቻል ሦስት እጥፍ የሚያቀል ትንሽ የፑሊ ገመድ በቀበቶው መንጠቆና በቀለበቱ መካከል ያድርግ። የፑሊው ቦታ እዚህ ነው። ጀልባዋ ልትነሳ ስትፈጥን ከረጢቱን በአንድ እንቅስቃሴ የሚለቅበት መንጠቆ ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ወገቡ ላይ ታስሮበት ትራምፖሊን ስር እንዳይገባ።

ጥያቄ፦ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። አንዲት ትንሽ ካታማራን ከጅቡቲ አምጥተን ሐረማያ ሐይቅ ላይ ማቅናት ብንለማመድ ምን ይመስላችኋል? ከተደፋችስ? (ከሐረር)

መልስ፦ መለማመዱን እንደግፋለን። ማቅናትን የመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ አደጋ ላይ መማር አይገባም። ሐረማያ ግን ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ ውሃው የተመለሰለት ሐይቅ ነው፤ መጠኑም ከወቅት ወቅት ይለያያል። ስለዚህ ጀልባ ከማምጣታችሁ በፊት ጥልቀቱን ለኩ። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ከታንኳ ላይ ከ10 እስከ 15 በሚሆን ቦታ ጣሉ።

የምትፈልጉት ቁጥር የምሰሶው ርዝመት ነው። ጀልባዋ ስትጋደም ምሰሶው ላይ ላዩን ስለሚተኛ 2 ሜትር ውሃም ይበቃል። ስትደፋ ግን 8 ሜትሩ ምሰሶ ቁልቁል ይወርዳል። ጥልቀቱ 4 ሜትር ከሆነ ጫፉ ጭቃ ውስጥ ይሰካል፤ የጀልባዋ ክብደትና ነፋሱ ደግሞ ከላይ ሆነው ይገፉታል። ያን ጊዜ ምሰሶው ይታጠፋል። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ የምትለማመዱ ከሆነ መደፋትን አስቀድማችሁ ከልክሉ፤ በደንብ የተከደነ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ከምሰሶው ጫፍ ላይ እሰሩ። 5 ሊትር አየር 5 ኪሎ ያህል ያነሳል፤ በ8 ሜትር ርቀት ሲባዛ 40 ይሆናል። በሚዛናችን ላይ ትልቅ ቁጥር ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚረክስ መከላከያ የለም፤ ጅቡቲም ላይ ቢሆን ብቻውን ለሚወጣ ሰው እንመክረዋለን።

ጭቃ ውስጥ ከተሰካ ወደ ላይ አትጎትቱ። ጀልባዋን ምሰሶው በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ በመግፋት ጫፉን እንደ ችካል ነቅንቃችሁ አውጡት፤ ሌላ ታንኳ ቢያግዝ ጥሩ ነው።

ጥልቅ ውሃ ላይ የተደፋችን ጀልባ ለማንሳት መጀመሪያ ወደ መጋደም ትመልሷታላችሁ። ትራምፖሊኑ ውሃው ላይ ተለጥፎ ስለሚይዝ መሐል ላይ ቆሞ መሳብ ከንቱ ነው። የሚነሳው ከማዕዘን ነው። የገመዶቹን መቆንጠጫ ከስር እጃችሁን ሰዳችሁ አላቅቁ፤ ራሳችሁን ግን ትራምፖሊን ስር አታስገቡ። ማቅኛ ገመዱን ከወዲያኛው ቀፎ ላይ አምጡና በወዲህኛው ቀፎ የኋላ ጫፍ ላይ ቁሙ። ክብደታችሁ ያንን ጫፍ ሲያሰምጠው ተቃራኒው ማዕዘን ይነሳል፣ ከስር አየር ይገባል፣ የተለጠፈው ይላቀቃል። ገመዱን ይዛችሁ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ምሰሶው 8 ሜትር ውሃ መቅዘፍ ስላለበት በጣም ይዘገያል፤ ለብቻ ሲሆን 5 ደቂቃ ሙሉ ተለጥጦ መቆየት ሊጠይቅ ይችላል። ላይ ሲደርስ ከዚያ በኋላ ያለው ለከዚራው ጠያቂያችን የተናገርነው ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ምሰሶውንም ፈትሹ። ጤነኛ ምሰሶ ሁለቱ ጫፎቹ የታሸጉ አየር ያዘለ ቱቦ ነው። ሪቬቶቹ ወይም የጫፉ ማሸጊያ ከላላ ውሃ ይገባል፣ ከመንሳፈፍ ይልቅ ይሰምጣል። መሬት ላይ አጋድማችሁ አንዱን ጫፍ ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ውስጡ ውሃ ሲንሿሿ ከተሰማ አድርቁና በሲሊኮን ድፈኑት።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ብወጣ ይሻላል? ብቻዬን ነኝ። (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት። በእነዚህ ወራት ጅቡቲ ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ ይመጣል፤ ብትጋደምም ወደ ዳርቻው ትገፋለህ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚነፍሰው ካምሲን ግን ከምዕራብ፣ ከበረሃው የሚመጣ ትኩስና ደረቅ ነፋስ ነው። ማቅናት ያቃተው ሰው በካምሲን ከዳርቻው እየራቀ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ከሆነ ብቻህን አትውጣ፤ ጠዋት ለስላሳ ቢመስልም።

የነፋሱን ኃይል ለመገመት ባሕሩን እይ። የማዕበሉ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ነፋሱ ወደ 10 ኖት፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኗል። አረፋው በዝቶ ባሕሩ ሁሉ ነጭ በነጭ ሲሆን ከዚያ አልፏል፤ ከ70 ኪሎ በታች የሆነ ብቸኛ ሰው ያን ጊዜ ዳርቻ ላይ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የምሰሶዬ የላይኛው ክፍል አሉሚኒየም አይደለም። ተሰብሮ የተጠገነ ነው ማለት ነው? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሆቢ ጀልባዎች ላይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምሰሶው ጫፍ በፋይበርግላስ የሚሠራው ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ነው። ምሰሶ አቁመው ጀልባ ሲገፉ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተነካክተው የሞቱ ሰዎች አሉ። አሉሚኒየሙ ግን አሁንም ያስተላልፋል፤ ምሰሶ ከማቆምህ በፊት ቀና ብለህ ሽቦ ፈልግ። መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ካለ ብቻ ነው የሚያሳስበው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጅቡቲ ይሠራል። እሑድ እሑድ ብቻውን በሸራ ጀልባ ባሕር ይገባል አሉኝ። ተው ብለው እሺ አይለኝም። ስለ ነገሩ ምንም አላውቅም፤ ምን ልበለው? (ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ እናታችን፣ ተው ከሚሉት ይልቅ ቢጠይቁት ይሻላል። ጥያቄዎቹን እኛ እንስጥዎት፤ መልሱን ሲሰሙ ራስዎ ይፈርዳሉ።

«ብቻህን አቅንተሃት ታውቃለህ? ማን እያየህ?» ይበሉት። ጓደኛ ያለበት ሌላ ጀልባ አጠገቡ ቆሞ፣ እሱ ብቻውን ሦስት ጊዜ ገልብጦ ሦስት ጊዜ ካነሳት ጥሩ ነው። «አያቅተኝም» ካለዎት አልሞከረም ማለት ነው፤ እስኪሞክር ከሰው ጋር ይውጣ።

«ቢያቅትህ ለምን ያህል ጊዜ ትታገላለህ?» ይበሉት። መልሱ ግማሽ ሰዓት መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የቀረው ጉልበት ለመቆየት ነው። ቀፎው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ራሱን ከፀሐይ ይሸፍናል፣ ምልክት ይሰጣል። በዚያ ባሕር ቶሎ የሚጎዳው ብርድ ሳይሆን ፀሐይና ጥም ነው፤ ስለዚህ ከትራምፖሊኑ ጋር የታሰረ ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ ይያዝ። ዳርቻው ቅርብ ቢመስለውም ጀልባዋን ትቶ አይዋኝ። የተገለበጠች ካታማራን አትሰምጥም፤ ከሩቅም ትታያለች። የአንድ ሰው ጭንቅላት ግን በማዕበል መሐል አይታይም።

«ሰውነትህ ላይ ምን አለ?» ይበሉት። ጀልባው ላይ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ። የሕይወት አድን ጃኬቱን የለበሰ፣ ፉጨትና ቢላ ጃኬቱ ላይ የታሰረለት፣ ውሃ የማያስገባ የእጅ ሬዲዮ ወይም በውሃ መከላከያ ከረጢት የታሸገ ስልክ የያዘ ይሁን። ሬዲዮ ከያዘ የአደጋ ጥሪው ቻናል 16 ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ «ስትወጣ ለማን ተናገርክ?» ነው። ስም ይጥራልዎት፤ የዚያን ሰው ስልክ ይቀበሉት። የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለዚያ ሰው ይንገረው። ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሰውየው ሳይጠብቅ ወደ ወደቡ ይደውል። ለእርስዎ ደግሞ ዳርቻ ሲደርስ እንዲደውልልዎት ያስምሉት፤ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ገና ብርሃን ሳለ።